ያልተሰቀለው ግሉኮስ

ስልኬ የጮኸው ገበያ መሃል ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የሲስተር ማንጠግቦሽ የእህት ልጅ ሰናይት ናት፣ ከደብረ ታቦር። ገና ድምጿን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። አክስቷ ማረፏን ነገረችኝ፣ ቀብሩ ነገ መሆኑንም ነገረችኝ፤ ከዚያ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ዋናውን ጭንቀቷን አወጣችው።

«ሰው ምን ይለኛል ጋሼ? አንድ ግሉኮስ እንኳን ሳይሰቀልላት ነው የሞተች።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሰው ሞቶ፣ ያውም እሷ ሞታ፣ ሽንኩርት ሻጮቹ አፋቸውን ከፍተው እያዩኝ ቆሜ ሳቅሁ። ሳቁ ብዙም አልቆየ። እንባ ሲሆንብኝ ከአንዷ ሻጭ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ሴትዮዋም አልተቆጣችኝም።

ሰናይት ምን ታድርግ? አክስቷ የወደቀችው ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ገና ጤነኛ ሳለች ጀምሮ «ራሴን ታምሜ ከወደቅሁ ግሉኮስ ካልሰቀልን የሚል ዘመድ ቢመጣ በሩን ዝጉበት» ስትል ኖራለች። ያከሟትም ሐኪሞች አላዘዙም። ልጅቱ ቃል ጠበቀች እንጂ ምን አጠፋች? ግን የእኛን አገር ለቅሶ የማያውቅ ይህ ምን ያስጨንቃል ይላል። በእኛ ዘንድ ግሉኮስ መድኃኒት ብቻ አይደለም፣ ክብር ነው። ጠያቂ ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የበሽተኛውን ፊት ሳይሆን ከራስጌው ያለውን ብረት ነው። ጠርሙስ ካለበት «ተሰቅሎለታል» ብሎ እፎይ ይላል። ታማሚው ቢሞት እንኳ «ምን ይደረግ፣ ግሉኮስ ሳይቀር ተሰቅሎለት ነበር» ይባልና ቤተሰብ ይጽናናል። ሳይሰቀልለት የሞተ እንደሆነ ግን ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ዘመዶቹ ንፉግ፣ ሐኪሙም ጨካኝ ተብለው ይቀራሉ። ማንጠግቦሽ ዕድሜዋን ሙሉ የተጣላችው ከዚህ ወሬ ጋር ነው። ስትሞት እንኳ አልተዋትም ማለት ነው።

እኔ በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በእሷ ሥር ጤና ረዳት ነበርሁ። እሷ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ናት፣ ጎንደር የተማረች። አጭር፣ ጠይም፣ ተረከዟ ሲረግጥ ኮሪደሩ ሁሉ የሚሰማት ሴት። ነጭ ጫማዋ ባለቀ ቁጥር ሊስትሮው የመኪና ጎማ ቆርጦ ሶል ይሠራላት ስለነበር ስትራመድ ዷ ዷ ትላለች፤ ሰነፍ ሠራተኛ ያን ድምፅ ሲሰማ መጥረጊያ ያነሳ ነበር። የመጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ጥርሴ ሲያልቅ ትለኛለህ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኋት። ሰናይት እንደነገረችኝ ጥርሷ ሳያልቅ ሞተች፤ እኔም አንቱ ሳልላት ቀረሁ።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ የሚሉት ነገር ነበረብን። ሥራ ትተን አዳራሽ እንገባለን፣ መፈክር እናሰማለን፣ ስለ ወዝ አደሩ ይነበብልናል። ማንጠግቦሽ አትቀርም፤ ታጥቦ የደረቀ ፋሻ በቅርጫት ሞልታ ትገባና ሰዉ ሲያጨበጭብ እሷ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ሰብሳቢው ስብሰባውን ንቀሻል ወይ ብሎ ቆጣ አለ። እጄ ነው እንጂ የሚሠራ ጆሮዬ እዚሁ ነው አለችው፣ ቀና ሳትል። ግራ እጅ ይነሳ ሲባል አነሳች፤ ፋሻው ከጭብጧ ተተርትሮ እስከ ጉልበቷ ወረደ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈነዳ ሲል ሁሉም ሳል ያዘው። እኔ ስስል የጎን አጥንቴን አመመኝ።

ይህን የማነሳው ቀልደኛ ነበረች ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ ሰው የሚታሰረው ከዚህ ባነሰ ነበር። እኛ ቤታችን ገብተን፣ በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንለውን እሷ በአደባባይ ነበር የምትለው። ባለሥልጣኑን ሁሉ እኛ አንቱ ስንል እሷ አንተ ትለዋለች። ምነው ብላት «ጓድነት እኩልነት ነው ያሉ እነሱ ናቸው፣ እኔ ቃላቸውን አከበርሁላቸው» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ይርጋ ልምጣ፤ እሷን ሳስብ የሚመጣብኝ እሱ ነውና።

የአፈሳ ጊዜ ነበር። ወጣቱን ከገበያም ከመንገድም እያፈሱ ለውትድርና ይልኩታል። ከጉና ግርጌ ገበያ ውለው የሚመለሱ ጎረምሶችን በጭነት መኪና አሳፍረው ወደ ከተማችን ሲያመጡ፣ ይርጋ የሚባለው ከሚሄደው መኪና ላይ ዘለለ። በጭንቅላቱ ነው ጠጠሩ ላይ ያረፈው። ያው ሊያዘምተው የነበረ መኪና ጭኖ እኛ ዘንድ አመጣው። ከአናቱ እስከ ግንባሩ ተሰንጥቋል፤ ራሱን አያውቅም፣ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ግን እጁን ይሰበስባል።

ሐኪማችን ቁስሉን ሰፋና አጥንቱ ደህና ነው፣ የሚያስፈራው ውስጡ ማበጡ ነው አለ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ራስጌው ከፍ ይበል፤ በደም ሥሩ ጨው ውሃው ብቻ በቀስታ ይግባለት፤ ግሉኮስ እንዳይነካው፤ ከባሰበት ማኒቶል የሚባለው መድኃኒት ይሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙን ቁስለኞች አጅበህ ጎንደር ሂድ አሉት፤ እምቢ የሚባል ትእዛዝ አልነበረም። መኪናው ላይ እግሩን ሰቅሎ ወደ እሷ ዞረና አደራ ብሏት ሄደ።

ግሉኮስ ለምን እንደተከለከለ እኔም በደንብ አልገባኝም ነበር። ለሌላው በሽተኛ እሷው ራሷ ስትሰቅል ትውል የለ? የአልጋውን የራስጌ እግሮች ጡብ ላይ እያወጣን ጠየቅኋት። ራስ ቅል ክዳኑ የተበየደ ድስት ነው አለችኝ። እጅህ ቢያብጥ ቆዳህ ይለጠጣል፣ አንጎል ሲያብጥ ግን መሄጃ የለውም፤ እርስ በርሱ ይጨናነቅና ወደ ታች፣ በአንገት በኩል ወዳለችው ቀዳዳ ይገፋል። ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ያለ እዚያ ነው። ግሉኮስ ማለት ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ስኳሩን ሰውነት ቶሎ ይበላዋል፣ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ባዶው ውሃ ደም ውስጥ አይቆይም፣ ዘልቆ ያበጠውን አንጎል የበለጠ ያሳብጠዋል። ጨው ውሃው ግን ጨዋማነቱ ከደም ጋር ስለሚቀራረብ አንጎሉን አያሳብጠውም። «ስለዚህ ለዚህ ልጅ ግሉኮስ ማለት በተጨናነቀ ቤት ላይ እንግዳ መጥራት ነው» አለች። ገባኝ። የገባኝ ግን እኔን ነው፤ የይርጋን እናት ማን ያስረዳት?

እናቱ እማማ የሺ ከጉና በእግሯ መጣች፤ ከነፍስ አባቷ ጋር፣ አህያ ላይ የድንች ጆንያ ጭና፣ ጠበል በቅል ይዛ። አንድ ልጇ ነው፣ ባሏ ሞቷል። ብረቱ ላይ ጠርሙስ አይታ ፊቷ ሊፈታ ሲል ግሉኮስ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ፣ ጨው ውሃ ነው አልኋት። ሴትዮዋ በአንድ ጊዜ ተቀየረች። ጉና ላይ ጨው የሚልሰው ከብት ነዋ።

«ልጄ ከብት ነው?»

ማንጠግቦሽ ከጎኗ ቆማ ነበር። ከብት ቢሆንማ ባላፈሱት ነበር እናቴ አለቻት። በሩ ላይ ታጣቂ ቆሟል፣ ሰምቷታል።

ጠበሉም ሌላ ጣጣ ነበር። እናትየው አንዴ ብታገኘው ቅሉን ሙሉ ልታንቆረቁርለት ነው፤ ራሱን የማያውቅ ሰው ያንቀዋል፣ ባያንቀው እንኳ ያው ባዶ ውሃ ነው። ማንጠግቦሽ ጿሚ፣ አስቀዳሽ ናት። የቄሱን መስቀል ተሳለመችና ይረጭለት እንጂ አይጠጣ ብላ ለመነቻቸው። ቄሱ ትንሽ አሰቡ፤ እምነት ላለው ጠብታውም ይበቃል አሉና ግንባሩንና እግሩን ረጭተውት ጸሎታቸውን አደረሱ። እኒህን ቄስ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የተማረ ሰው ስንት ቀን የሚከራከርበትን በአንድ ቃል ጨረሱት።

ችግሩ ጓድ መንበሩ ነው። የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ነበር፣ አፈሳውን ያዘዘውም እሱ። የጉና ሰው «ልጁን ከመኪና ጥለው ገደሉት» እያለ ማጉረምረም መጀመሩ ጆሮው ደርሷል። ስለዚህ ልጁ መታከሙ እንዲታይለት ፈለገ፤ መታከም ማለት ደግሞ እሱም እንደ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ግሉኮስን ነው። ከጦሩ መጋዘን አንድ ጠርሙስ አስወጥቶ፣ ታጣቂ አሸክሞ፣ እንደ ሙሽራ አሳጅቦ መጣ። አስታማሚው ሁሉ ቆሞ ያያል። አብዮታዊው መንግሥት ለልጆቹ ግሉኮስ እንደማይነፍግ ንግግር አደረገና ይሰቀል አለ።

ማንጠግቦሽ ለዚህ ልጅ አይሰቀልም አለች። ሐኪሙ ከልክሏል፣ ምክንያቱም ይህ ይህ ነው ብላ በትዕግሥት አስረዳችው። አልሰማትም።

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«እምቢ ማለቴ ነው።»

«ልጁ ቢሞት አሻጥር ሠርተሽ ገደልሽው ማለት ነው። ታውቂዋለሽ?»

«ቢሞት እሰረኝ። ያንን ሰቅላችሁ ቢሞትስ ማንን ታስራለህ?»

አሻጥር! ያችን ቃል ዛሬ ያሉ ልጆች አያውቋትም። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ከተባልህ ዘመድህም በሌላ መንገድ ነው የሚሄድ። አሁን ነገሩ የይርጋ ነፍስ ብቻ አልሆነም፤ እሱ ከሞተ እሷም አለቀላት። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አወቀ። እሷም አወቀች፣ አንገቷ ሥር ያለው ሥር ሲመታ አይቻለሁ። ቢሆንም ወደ እማማ የሺ ጆንያ ሄዳ አንድ ድንች አወጣች። ልጣ በስሱ ቆራረጠችው። አንዱን ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ውሃ ሞላችና ድንቹን ለሁለት ከፍላ ከተተችው። መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ምሳህን በልተህ ተመለስና ድንቹን እጠፈው። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ጓድ መንበሩ በሰው ፊት ድንች እጠፍ ተብሎ አያውቅም። ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

ተመልሶ ይመጣል ብላ ነው የጠበቀችው። የመጡት ግን ሁለት ታጣቂዎች ናቸው፤ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ ብለው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰዷት። እኔን ከክፍሉ አስወጥተው በሩ ላይ አቆሙኝ። ጮህሁ፣ ተሳደብሁ፤ አፈሙዝ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ስድቡን ተውሁት። ውስጥ የነበረው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ የልጆች አባት ነው፤ ጨው ውሃውን አወረደና ግሉኮሱን ሰቀለው። ቶሎ ይግባ ስላሉትም መቆጣጠሪያውን ለቀቀው። እኔ በእሱ አልፈርድም፣ እናንተም አትፍረዱ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን እማማ የሺ ናት። ጠርሙሱ ብረቱ ላይ ሲወጣ ባየች ጊዜ እልል አለች። ልጇ እንደ ሰው ልጅ ተቆጠረላት። አስታማሚዎቹም ተቀብለው እልል አሉላት። በሩ ላይ ቆሜ ያን እልልታ ሰማሁ።

ማንጠግቦሽን ሲለቋት ጠርሙሱ ወደ ማለቁ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያ የጎማ ሶል ድምፅ ሲመጣ ሰማሁት፤ እየሮጠች ነበር። በር ላይ የቆሙትን በክርኗ ገፍታ ገባች፣ እኔም ተከተልኋት። ይርጋ አስመልሶታል። ትንፋሹ እያንኮራፋ ይቆራረጣል። ጠዋት ሲቆነጥጡት እጁን ይሰበስብ የነበረው አሁን ምንም የለም። ዓይኑን ገልጣ በባትሪ አየችው፤ አንደኛው ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል። እናቱ ግሉኮሱን ጠግቦ እንቅልፍ ወሰደው ብላ እግሩን ታሻለች።

ጠርሙሱን ነቅላ ለታጣቂው አስታቀፈችው። ለጓድ መንበሩ ውሰድለት፣ ይጠጣው አለችው። ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘውን ማኒቶል አምጣ አለችኝ። ሮጬ ከግምጃ ቤት አወጣሁት፤ ያለን አንድ ጠርሙስ ነው። ወይ ጣጣ! የአገራችን ብርድ ገብቶበት ውስጡ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ነጭ ነጭ ሆኖ ረግቷል። እኔ አለቀልን አልሁ። እሷ አልደነገጠችም፤ ብርድ ሲያገኘው እንዲህ ነው፣ ሙቅ ውሃ ያሟሟዋል አለችና በሳፋ ሙቅ ውሃ አስመጥታ ጠርሙሱን ትነክረው፣ ታወጣው፣ ታገላብጠው ጀመር።

ጓድ መንበሩ የደረሰ ያኔ ነው። የረጋውን ጠርሙስ አየ፣ የወረደውን ግሉኮስ አየ፣ የሚፈልገውን አገኘ። ሕዝብ እያየ ግሉኮስ አውርዳ የተበላሸ መድኃኒት ልትወጋው ነው፣ ያዟት አለ። ታጣቂዎቹ ወደፊት ራመድ አሉ። እሷ ከሳፋው ቀና አላለችም። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ማሰሩን ስጨርስ ትደርሱበታላችሁ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ወደ እናትየው ዞረች፤ ያን ቀን ሙሉ ድምፅዋ ሲለሰልስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እናቴ፣ ድንቹ የእርስዎ ነው። እስቲ መስኮቱ ላይ ያለውን ይጠፉት።»

እማማ የሺ ግራ ገብቷት ሄደች። ድንች ዘርታ፣ ኮትኩታ፣ ቆፍራ ያደገች ናት፤ ስለ ድንች የሚዋሻት የለም። ከንጹሑ ውሃ አንድ ቁራጭ አወጣች። ተወጥሮ ቀጥ ብሏል፤ ልታጥፈው ስትል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከጨው ውሃው አወጣች፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። መልሳ ሌላ ሞከረች። ያው ነው።

ማንጠግቦሽ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሁለቱም የአንድ ድንች ልጆች ናቸው። ያኛው ባዶ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ተወጠረ። ይኸኛው ውሃውን ለጨው ለቀቀና ላላ። የልጅዎ አንጎል አጥንት ውስጥ ተዘግቶበት ያለ ነው፤ ያ ጠርሙስ ያደረገው እንደዚህ እንደተሰበረው ነው። ይህ የረጋው መድኃኒት ደግሞ ውሃውን ስቦ በሽንቱ ያወጣለታል። ይተርፍልዎታል ብዬ አልምልም፤ ማድረግ ያለብኝን ግን ላድርግ።

ሴትዮዋ የተሰበረውን ቁራጭ አየች። እልልታዋ ትዝ ብሏት ይሆናል፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ዱላዋን አነሳችና በጓድ መንበሩና በአልጋው መካከል ገብታ ቆመች።

«ልጄን ከመኪና የጣልኸው አንተ ነህ። ከዚች ሴት እጅ ግን አትነጥቀኝም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከጎኗ ቆሙ። ከየአልጋው አስታማሚው ተነሣ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም ድንጋይ አላነሳ፤ ዝም ብለው ነው የቆሙት። ጓድ መንበሩ ዙሪያውን አየ። ልጁ ሲሞት እንተያያለን ብሎ ወጣ፤ ታጣቂዎቹ ግን በር ላይ ቀሩ፣ እሷን ሊጠብቁ።

መድኃኒቱ ሟሙቶ ጥርት ሲል ሰጠችው። ጨው ውሃውን በቀስታ መለሰችለት። ከዚያ የሚጠበቀው ሽንት ነው። በሕይወቴ ሽንት እንደዚያ ስጠብቅ አላውቅም። መጉረፍ ሲጀምር እማማ የሺ ይህ ሁሉ ከራሱ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ ከራሱ ነው አልኋት፣ ከዚህ በላይ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትንፋሹ ተስተካከለ። የሰፋው ብሌን ጠበብ አለ። ማንጠግቦሽ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን አሸች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ይርጋ ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አየ፣ በሩ ላይ ያለውን ጠመንጃ አየ።

«መኪናው ሄደ?»

«ሄደ ልጄ» አለችው እናቱ፣ «ሄደ።»

ይህን ልጅ እንደገና ሊያዘምቱት መጡ፣ ብታምኑም ባታምኑም። ብድግ ብሎ ቁጭ ማለት ሲጀምር ጓድ መንበሩ ከምልምሎቹ ላይ ሊያስጨምረው ሰው ላከ። ማንጠግቦሽ አሁንም እምቢ። ራሱ እንዲህ የተጎዳ ሰው ባላሰቡት ሰዓት ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ ጠመንጃ ይዞ ቢወድቅ የሚሞተው ከአጠገቡ ያለው ነው አለች። ሐኪማችን ተመልሶ ስለነበር እሱም አብሯት ጸና። ይርጋ በእናቱ አህያ ላይ ሆኖ ወደ ጉና ሄደ።

አሻጥረኛ ሊሏት አልቻሉም፤ ልጁ በሕይወት አለ። ግን ያን ቀን የተዋረደ ሰው ይተዋታል? ከጦር ግንባር አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛወሯት። ትሄዳለች፣ አትመለስም ብለን አለቀስን። እሷ ዕቃዋን ስታስር እያፏጨች ነበር። እንዴት አይከፋሽም ብላት፣ እዚያም ራስ አለ፣ እዚያም ጨው አለ አለችኝ። የጭነት መኪናው ላይ ወጥታ ስትቀመጥ አንድም ጊዜ አንገቷን አልደፋችም። መንግሥት ተለውጦ ስትመለስም ያው ነበረች፣ ጫማዋ ብቻ ነው አዲስ።

እንግዲህ ይችን ሴት ነው ግሉኮስ ሳይሰቀልላት ሞተች የሚሉ።

ቀብሩ ላይ ደረስሁ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ሰናይት የፈራችው አልቀረም፤ ከሴቶቹ በኩል ሹክሹክታው ተነሣ። አንዲት ወይዘሮ፣ ለሰው ሁሉ ስትሰቅል ኖራ ለራሷ የሚሰቅልላት ታጣ፣ የእህት ልጅ እንዲህ ነው አለች፤ ሰናይት እንድትሰማ አድርጋ ነው ያለችው። ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ የአፌን ልናገር ስል ከወንዶቹ በኩል አንድ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ቀደመኝ። ዱላውን ተደግፎ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ጠባሳው ከአናቱ እስከ ግንባሩ ይታያል።

ከጉና ነው የመጣሁት አለ። እናቱ እማማ የሺ በሕይወት ብትኖር እዚህ እሷ ትቆም እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ወደ ወይዘሮዋ ዞረ።

«ለእኔ ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ነበር እመቤቴ። አውርዳ ያተረፈችኝ ይች የቀበርናት ናት።»

ብሎ ተቀመጠ። ወይዘሮዋም ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ የመጡ ለቅሶ ደራሾች ገቡ። አንዲት ባልቴት ሰናይትን አቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ እንደ ደንቡ፣ ለመሆኑ ግሉኮስ ተሰቅሎላት ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ሰናይት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። ቀና ብላ፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሰችላቸው።

«አልተሰቀለላትም። የከለከልሁት እኔ ነኝ።»